የኦቦ ጀቤሳ ምጥን

በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ አንድ ረቡዕ ጧት፣ ከአምቦ መናኸሪያ ወደ ገበያው የሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ገብቼ እንደ ተቀመጥሁ አንዲት ወጣት ሴት ከባድ ሣጥን አቅፋ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ላግዝሽ ብላት ፈገግ ብላ፣

«እግዜር ይስጥልኝ፤ ይኸ ከእጄ ባይወጣ ይሻላል» አለችኝ። «ይልቅስ የኦቦ ጀቤሳን የምጥን ቤት ያውቁት እንደ ሆነ ቢያሳዩኝ ውለታ ነው።»

አምቦ ውስጥ ያን ቤት የማያውቅ ማን አለ? እኔ ራሴ በከተማው የኬሚስትሪ መምህር ስሆን ሁለቱ ልጆቼ ያደጉት በኦቦ ጀቤሳ ምጥን ገንፎ ነው። ገብሱን፣ ሽንብራውን፣ ስንዴውን አስለቅመው፣ አስቆልተው፣ አስፈጭተው፣ የዱቄት ወተት ጨምረውበት ለሕፃናት የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። በቤተ ክርስቲያናቸውም የተከበሩ ናቸውና ቃላቸው እንደ ማኅተም ይታመናል።

ልጅቷ ቢሊሴ ትባላለች። የተወለደችው ጊንጪ ነው፤ ፊዚክስ ተምራ በጨረራ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት የምግብ ተቆጣጣሪ ሆናለች።

«ጨረራና ገንፎን ምን አገናኛቸው?» አልኋት።

«እሱን ኦቦ ጀቤሳም ይጠይቁኛል፤ አብረን ብንሄድ አንዴ እመልሳለሁ» አለችኝ። ነገሩ አጓጓኝና ተከተልኋት።

ኦቦ ጀቤሳ ቅንድባቸው ዱቄት ለብሶ በር ላይ ቆመው ነበር። «አካም ቡልተኒ?» ብላ ዝቅ ብላ ሰላም ስትላቸው ደስ አላቸውና ወንበር አቀረቡልን። የመጣችበትን ስትነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«የውጭ አገር የዱቄት ወተት ያለ ምርመራ ወረቀት ገብቶ በነቀምቴ መንገድ ባሉ ከተሞች ተሸጧል። እርስዎም ካስገባው ነጋዴ አሥር ከረጢት እንደ ገዙ ሰምተናል። ናሙና ልወስድ ነው የመጣሁት፤ ውጤቱ እስኪታወቅም ወተቱ እንዳይነካ እለምንዎታለሁ።»

«ዓርብ ለሸነን ከተማ እናቶች ምጥን ይጫናል፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ!» አሉ ኦቦ ጀቤሳ። «ደግሞስ ምን አለበት ብለሽ ነው? ሠላሳ ዓመት የአምቦን ሕፃን ሁሉ ሳበላ ማን ታመመብኝ? የሻገተ እህል ገና ከበር ሳይገባ ይሸተኛል።»

ይህን ብለው ዝም አላሉም። ዓይናቸውን ጨፍነው ከሦስት ጆንያ ገብስ እፍኝ እፍኝ እንዳቀርብላቸው አዘዙኝ። «ይኸ የሸነን ነው። ይኸ የደንዲ። ይኸኛው ዝናብ ነክቶታል፤ ለከብት ነው ያስቀመጥሁት» አሉ። ሦስቱንም አልሳቱም። እኔ በመገረም ሳጨበጭብ ቢሊሴም አብራ አጨበጨበች።

«ኦቦ ጀቤሳ፣ እንዲህ ያለ አፍንጫ የኛ መሥሪያ ቤት ቢኖረው ግማሽ ሥራችን ይቀል ነበር» አለች። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ከዚህ ቤት ማሾ ፋኖስ ይገኛል?»

«መብራት ሳይገባ ማሾ የምሸጠው እኔ ነበርሁ!» አሉና ከመደርደሪያ ላይ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረዱ። ማሾው ላይ የምትታሰረዋን ነጭ የክር ከረጢት ከነመጠቅለያዋ ሰጧት። ቢሊሴ ከሣጥኗ እጅ የምታህል መሣሪያ አውጥታ ከፈተችና መጀመሪያ ወደ ግድግዳው፣ ቀጥሎ ወደ ገብሱ አስጠጋችው። አልፎ አልፎ ጠቅ ይላል። ወደ ክር ከረጢቷ ስታስጠጋው ግን እሳት ላይ እንደ ተዘራ ፈንድሻ ተንጣጣ!

«ያ ጎፍታ!» አሉ ሽማግሌው ወደ ኋላ እያሉ። «ምን ሆነ?»

«አይፍሩ፤ በመጠቅለያዋ እንዳለች ይህን ያህል አትጎዳም። ጥንት ብርሃኑ እንዲደምቅ ቶሪየም የሚባል ማዕድን ይነክሩባት ነበር፤ የሚንጣጣው የሱ ጨረራ ነው። እስቲ ያሽቷት።»

አሸተቱ። እንደ ገና አሸተቱ። «ምንም የለውም» አሉ ቀስ ብለው። «በዚህ እጄ ስንት ሺህ አገላብጫለሁ…»

በዚህ ጊዜ የተረቱ መስሎኝ ነበር፤ ኦቦ ጀቤሳ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «በይ እንግዲህ ወተቴ ላይ አድርጊው!» አሉ። ቢሊሴ መሣሪያውን ወደ ከረጢቶቹ ብታስጠጋው እንደ ግድግዳው አልፎ አልፎ ብቻ ጠቅ አለ።

«አየሽ! አየሽ! ዝም አለ!» ብለው እንደ ልጅ ፈነደቁ።

«ይኸኛው ለጯሂው እንጂ ለሚያንሾካሽከው ጆሮ የለውም» አለች ቢሊሴ ሳትቆጣ። «በምግብ ውስጥ ያለውን ጥቂቱን የሚሰማው አዲስ አበባ ያለው ትልቁ መሣሪያ ነው፤ የውጭው ጨረራ እንዳያደናግረው በወፍራም የእርሳስ ብረት ታጥሮ ናሙናውን ለሰዓታት ይለካል። ኦቦ ጀቤሳ፣ ጨረራ ሁሉ ክፉ አይደለም። ድንችም ሙዝም፣ የእኔና የእርስዎ አካልም ከተፈጥሮ ያገኘው ጥቂት አለው። ሕጉ ጨርሶ አይኑር አይልም፤ ከዚህ ወሰን አይለፍ ነው የሚለው። የኑክሌር ኃይል ማመንጫ አደጋ በደረሰበት አገር ግን ሲሲየም የሚባል ነገር ሣር ላይ ያርፋል፤ ላም ትግጠዋለች፣ ወተቷ ውስጥ ይገባል። ወተቱ ደርቆ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ስሙ ተለውጦ ጀልዱም ጉደርም ይደርሳል።»

«ስሙ ተለውጦ ነው ያልሽው?» አልኋት እኔ። ጎንበስ ብዬ አንዱን ከረጢት ሳየው የተለጠፈው ወረቀት ከሥሩ ሌላ ወረቀት ነበረበት። ጫፉን በጥፍሬ ባነሣው የምርት ቀኑም የአገሩም ስም የተፋቀ ሌላ ጽሑፍ ብቅ አለ።

ኦቦ ጀቤሳ ብዙ አዩት። «እህሌን ከነገበሬው ዐውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ይኸን ወተት ግን ከየት እንደ መጣ ጠይቄ አላውቅም። በይ ውሰጂ፣ ልጄ። ከአሥሩም ውሰጂ። ዓርብ ይለፍ፤ ለሸነን ሰዎች እኔው ደውዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

ከራሱ ጋር ተሟግቶ የተሸነፈ ሰው እንዲህ ቀና ብሎ ሲናገር ማየት እንዴት ያለ ደስታ ነው! ቢሊሴ ናሙናውን በየብልቃጡ ከትታ፣ ቁጥር ጽፋ፣ ከረጢቶቹን አሽጋ ሄደች።

በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞ ኦቦ ጀቤሳ አስጠሩኝ። ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ድምፁን ከፍ አድርገውታል።

«እህልዎ ሁሉ ንጹሕ ነው» አለች ቢሊሴ። «ከአሥሩ ከረጢት ግን ስድስቱ ከተፈቀደው ወሰን በላይ ሲሲየም ተገኝቶባቸዋል። ተከፍቶ ያገኘሁት ከስድስቱ አንዱ ነው።»

ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። ከዚያ ከረጢት ባለፈው ሳምንት ምጥን ሠርተው ለሰፈሩ ሰው፣ ለአሥራ አራት ቤት፣ ሸጠው ነበር!

«ልጆቹ ይሞታሉ?» አሉ።

«አይሞቱም! ጥቂት ቀን የበሉት አይጥላቸውም። ክፉው ነገር ለወራት፣ ለዓመታት ሲበሉት ነው፤ ሕፃን ገና በማደግ ላይ ነውና ከአዋቂ ይልቅ ይጎዳል፤ ውሎ አድሮም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። የቀረውን ብቻ ይሰብስቡልኝ። እንዳይደፋ፣ ለከብትም እንዳይሰጥ፤ ላሟ ከበላችው ተመልሶ ወተት ይሆናል። እኛ መጥተን እንወስደዋለን።»

ኦቦ ጀቤሳ ስልኩ ሳይዘጋ ከዘራቸውን አነሡ። እኔም ጆንያ ይዤ ተከተልኋቸው። በየበሩ ኮፍያቸውን እያወለቁ፣ «የሸጥሁላችሁ ምጥን ልክ አይደለም፤ መልሱልኝ፤ በንጹሕ እተካለሁ» ይላሉ። አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ ይደነግጣል፣ እሳቸውም ቢሊሴ ያስረዳቻቸውን ቃል በቃል ያስረዳሉ። ወይዘሮ ወለተ ማርያም የሚባሉ አራስ ልጃቸውን የሚያርሱ እናት ደጃቸው ላይ ክንዳቸውን ያዝ አድርገው፣

«ኦቦ፣ ምነው ድምፅዎን ዝቅ ቢያደርጉ! ስምዎ ይጠፋል። ዝም ቢሉ ማን ያውቅብዎታል?» አሏቸው።

«እኔ ዐውቃለሁ!» አሉ ሽማግሌው በኃይል። «ስሜ ይጥፋ። የልጅ ልጅዎ ግን ይኸን አይብላ።»

ወይዘሮ ወለተ ማርያም ወደ ጓዳ ገቡና ዱቄቱን ከነቆርቆሮው አምጥተው አስረከቡ። አሥራ አራቱም ቤት ተዳረሰ፤ ከዱቄቱ አብዛኛው ተመለሰ። ስማቸው ግን ጠፋ ወይ? እንዲያውም በሳምንቱ ከተማው ሁሉ፣ «የራሱን ዕቃ የሚያስመረምር ነጋዴ» እያለ በራቸውን አጣበበው።

ከዚያ በኋላ ኦቦ ጀቤሳን ማን ይያዛቸው! የአምቦን፣ የጉደርንና የጊንጪን የምግብ ነጋዴዎች ሰብስበው ቢሊሴን አስጠሩ። «ጥቅሙን ንገሪያቸው!» ብለው ወንበሩን ለቀቁላት። እሷም የሚገባው ምግብ በድንበር ናሙናው ቢመረመር፣ ነጋዴውም ያለ ወረቀት ባይገዛ፣ በየጊዜውም ከገበያ ናሙና ቢወሰድ ሕፃናት እንደሚጠበቁ፣ በሐሜት የሐቀኛ ሰው ዕቃ እንደማይረክስ፣ የገበሬያችን ማርና ጥራጥሬም በውጭ ገበያ አንገቱን ቀና አድርጎ እንደሚሸጥ አስረዳች። አንድ ነጋዴ፣ «ሥራ ታበዙብናላችሁ» ቢል ኦቦ ጀቤሳ ብድግ ብለው፣ «አሥራ አራት በር ከማንኳኳት ወረቀት መጠየቅ ይቀልሃል!» አሉት። ሰዉ ሳቀ፤ ያም ነጋዴ ያለ ወረቀት ላለመግዛት ከሁሉ ቀድሞ ፈረመ።

የሸነን ምጥን ከቀጠሮው ሦስት ሳምንት ዘግይቶ፣ በተመረመረ ወተት ተሠርቶ ተጫነ። ኦቦ ጀቤሳ ከሾፌሩ ጎን፣ እኔና ቢሊሴ ከኋላ ተቀምጠን ሄድን። ሽማግሌው እናቶቹ ፊት ቆመው የምርመራውን ወረቀት በኦሮምኛ ጮክ ብለው አነበቡላቸው፤ እልልታው ቀለጠ። ከመካከላቸው ልጅ ያዘለች አንዲት ወጣት ወደ ፊት ወጥታ ከጉያዋ የዱቄት ወተት ጥቅል አወጣች።

«ይኸንስ? ከዚያ ማዶ ካለው ሱቅ ነው የገዛሁት። ተመርምሯል?»

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ልጄ? ባለሱቁን ወረቀቱን አሳየኝ በይው!» አሉ ኦቦ ጀቤሳ።

ወጣቷ መቀነቷን አጠበቀችና ወደ ሱቁ አመራች። አንዷ ተከተለቻት፤ ሌላዋም ተከተለች፤ ብዙም ሳይቆይ እናቶቹ ሁሉ መንገዱን ሞልተው ይሻገሩ ጀመር።