እጁ የማን፣ ቃሉ የማን?

ባለፈው የካቲት፣ በጡረታ ደብዳቤዬ ላይ የአያቴ ስም ተሳስቶ ስለ ተጻፈ ማመልከቻ ላጽፍ ወደ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ወረድኩ። አርባ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ማመልከቻ መጻፍ አያቅተኝም፤ ነገር ግን መሥሪያ ቤቶች የአቶ ገብረጊዮርጊስን አጻጻፍ ይወዱታል ተብዬ ነው።

አቶ ገብረጊዮርጊስ ከአጥሩ ማዶ በጃንጥላ ሥር ተቀምጠው የሰው አቤቱታ ሲጽፉ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሥራው ራሱ ተጠራጣሪ አድርጓቸዋል። ለሰላምታ የዘረጋሁላቸውን እጅ እንኳ መጀመሪያ አዩት፤ ከዚያ ጨበጡት።

የእኔን ጽፈው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጌታዬ፣ የተማሩ ሰው ይመስላሉ። እዚህች ላይ በምስክርነት ይፈርሙልኝ» ብለው ሌላ ወረቀት ገፉልኝ።

ለአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ የተጻፈ አቤቱታ ነው። ናዝሬት የምትባል የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ለልጅ ልጃቸው ለሲፈን «መጽሐፍ ቅዱስን የጻፉት ሰዎች ናቸው» ብላ ስላስተማረች እንድትታገድ ይጠይቃል። ሲፈንንም ከትምህርቱ አስቀርተዋታል። ልጅቷ ሦስት ቀን አለቀሰች አሉኝ፤ ሲነግሩኝ ግን የራሳቸውም ፊት ደህና አልነበረም።

«የማላውቃትን ሴት እንዴት ልክሰስ?» ብል፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» አሉኝ።

ይህን ስንባባል ነጠላ ያጣፋች ወጣት መጥታ እጅ ነሣች። አቶ ገብረጊዮርጊስ ወረቀቱን ቶሎ ገለበጡት። ለካ ናዝሬት ራሷ ናት።

«ማን ላከሽ?» አሏት፣ ተቀመጪ እንኳ ሳይሏት።

«ማንም አልላከኝም፣ አባባ። ሲፈን ከትምህርት ስትቀርብኝ አሟት ይሆን ብዬ ነው።»

«እንዳያማት ነው ያስቀረኋት! ዛሬ ሰው ጻፈው ትያታለሽ፣ ነገ ሰው ይሳሳታል ትያታለሽ፣ ከነገ ወዲያ ጴንጤዎች አዳራሽ ትወስጃታለሽ። ይኼን መንገድ አውቀዋለሁ።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ጠረጠርኳት። የዛሬ ወጣት በስልኩ የማያነበው ነገር የለም።

ናዝሬት ግን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «አባባ፣ ልጠይቅዎት። ፊደል ያልቆጠሩ እናት መጥተው አቤቱታ ቢያጽፉ፣ አቤቱታው የማን ነው?»

«የእሳቸው ነዋ! እኔ እጄን ነው የማውሳቸው።»

«አጻጻፉስ?»

«አጻጻፉማ የእኔ ነው። መዝገብ ቤቱ ከመቶ ወረቀት መሀል ይለየዋል።»

«ነቢያቱና ሐዋርያቱም እንደዚያው ናቸው። ቃሉ የእግዚአብሔር ነው፤ እጁና አነጋገሩ የእነሱ። መንፈስ ቅዱስ እየመራቸው ጻፉ እንጂ ከራሳቸው አላፈለቁም። አባቶች ያስተማሩን ይህንኑ ነው። ለሲፈንም ያልኳት ይህን ነው፤ እርስዎ ጋ የደረሰው ግማሹ ይሆናል።»

«ቆይ!» አሉ አቶ ገብረጊዮርጊስ። «ቃሉ አንድ ከሆነ አራቱ ወንጌላውያን ለምን ይለያያሉ? አንዱ ሰብአ ሰገል መጡ ይላል፣ አንዱ እረኞች መጡ ይላል። ሲሰበክ በሰማሁ ቁጥር ይኼ ነገር እንቅልፍ ይነሣኛል። ማንን ልጠይቅ? መናፍቅ ይሉኛል!»

እዚህ ላይ ገባኝ። ሰውዬው ይበልጥ የፈሩት ናዝሬትን ሳይሆን የገዛ ጥያቄያቸውን ነው።

«አራት ምስክሮች ችሎት ቆመው ቃል በቃል አንድ ዓይነት ቢናገሩስ?» አለች።

አቶ ገብረጊዮርጊስ ሳያስቡት ሣቁ። «አስጠንተዋቸው ነው ይላላ ዳኛው!» የገዛ ቃላቸው ለጥያቄያቸው መልስ መሆኑ ገባቸው። ብዕራቸውን አነሡ፤ መልሰው አስቀመጡት።

እኔም ጣልቃ ገባሁ። «ለመሆኑ ወንጌሉ የተጻፈው ለምንድን ነው?»

«ሉቃስ በዓይናቸው ካዩት ሰዎች ጠይቆና መርምሮ ነው የጻፈው፣ ጋሼ። የጻፈውም ቴዎፍሎስ ለሚባል ሰው፣ የተማረው ነገር እርግጠኛ መሆኑን እንዲያውቅ ብሎ ነው። የሚጠይቅን ሰው ለማሳፈር ሳይሆን ለማሳረፍ የተጻፈ ነው። አባቶቻችንስ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይሉ የለ?»

የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። «መጽሐፉን ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተሳለምኩት እንጂ ከፍቼ አላነበብኩትም። የሰው ወረቀት ሦስት ጊዜ ሳላነብ ከእጄ የማላወጣ ሰውዬ!» እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ በቤቴ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀለለበት ጨርቅ ከተፈታ ዓመት አልፎት ነበር።

ከዚያም የገለበጡትን ወረቀት አንሥተው ሰጧት። «አንብቢው። አንቺን ልከስ ነበር።»

ናዝሬት እስከ መጨረሻው አነበበችው። «አጻጻፉ ያምራል፣ አባባ» አለችና አጥፋ መለሰችላቸው።

ወገኖቼ፣ ጥያቄን የሚፈራ ቤት ልጁን በዝምታ ያጣል። ስለ እምነቱ ጠይቆ መልስ ያገኘ ልጅ ግን ማንም መጥቶ በአንድ ቃል አይወስደውም። ተዘግቶ የሚሳለሙት መጽሐፍ ይከበራል፤ ተከፍቶ ሲነበብ ደግሞ ለተጻፈበት ጉዳይ ይውላል።

በሚቀጥለው እሑድ ነገሩ ከምን ደረሰ ብዬ ናዝሬት ወደምታስተምርበት ልደታ ማርያም ሄድኩ። አቶ ገብረጊዮርጊስ በልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ ምንም ሳይቀረው፣ ከሲፈን ጎን ተቀምጠዋል። ናዝሬት አስተምራ ስትጨርስ «ጥያቄ ያለው?» አለች። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ነበሩ።