በደኑ ውስጥ ያለው ግንብ

ግንበኛው የእጅ ጋሪውን እየገፋ ወደ ሕዝቡ ደን የገባው ድንጋይ ሊለቅም ነበር። ባሏ ለሞተባት ልጁ በግቢው ጥግ ቤት ጀምሮላታል፤ ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያ ካላደረሰ እሷም ልጆቿም እንደገና በሰው ቤት ተጠግተው ሊከርሙ ነው። በዳገቱ ላይ፣ በዛፎቹ መካከል የተጋደመውን አሮጌ ግንብ የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደ ድንጋይ ማውጫ ካባ ይቆጥረዋል። እሱም ከዚህ በፊት ወስዶበታል።

የዚያን ዕለት ግን ከግንቡ ሥር ሰው ተንበርክኮ አገኘ። የወንድሙ ልጅ ናት። የጥንት ሰዎችን አኗኗር ከመሬት ውስጥ የምታጠና ባለሙያ ሆናለች፤ ለሥራ መምጣቷን ሰምቷል፣ እዚህ አገኛታለሁ ብሎ ግን አላሰበም።

«እንደምን ዋሉ አጎቴ?» አለች፣ ቡርሿን አስቀምጣ እየተነሣች።

«ደኅና ነኝ ልጄ። ምነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተማርሽው አፈር ለመጥረግ ነው?»

«አዎ፣ ለዚሁ ነው» አለች እየሣቀች። ወዲያው ጋሪውን አየችና ሣቋ ከፊቷ ጠፋ። «ድንጋይ ሊወስዱ ነው?»

«ታዲያስ! ባለቤት የለው! ሙታን ለሠሩት ግንብ ብዬ በሕይወት ያለችውን ልጄን ሜዳ ላይ ላሳድራት?»

ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሰውን ችግር ሳይሰማ ምክሩን ያስቀድማል። እሷ ግን ሰውዬው የልቡን ተናግሮ እስኪጨርስ ጠበቀች።

«የእህቴ ችግር የእኔም ነው» አለች። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህን ደን ማን ያበቀለው ይመስልዎታል?»

«ማን ያበቅለዋል? ራሱ በቀለ እንጂ!»

ከግንቡ ጀርባ ወደ ቆፈረችው ጉድጓድ ወሰደችው። የተቆረጠው አፈር እንደ ተነባበረ ልብስ መልኩ ይለያያል።

«ከሥር ያለው ባዶ ጠጠር ነው። የዚያን ጊዜ ሰዎች ዛፉን ጨርሰው ዳገቱን አራቆቱት፤ መሬቱ ሲከዳቸው ይህን ግንብ ሠሩ። ከጀርባው አፈር ተጠራቀመ። በአፈሩ ውስጥ የአበባ ብናኝ ሳይበሰብስ ይቆያል፤ በማጉያ ስናየው መጀመሪያ ሣር፣ ኋላ ቁጥቋጦ፣ ከዚያም ዛፍ መምጣቱን ይነግረናል። ደኑን ያቆመው ግንቡ ነው አጎቴ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አፈርም እንደዚያው ነው በይኛ!» አለ። ሊያፌዝ ነበር የፈለገው፤ ድምፁ ግን ሳስቶ ወጣ።

«ካልነኩት አይለቅም። ድንጋዩ ሲነሣ ግን ይናዳል፣ ከዚያ ወዲያ የሚያነበው የለም። እስቲ እዚያ ማዶ ይመልከቱ።»

ድንጋዩ ተለቅሞ ግንቡ በፈረሰበት በኩል ትልልቅ ዛፎች ሥሮቻቸው ተገልብጠው ወድቀዋል። ጎርፍ የቦረቦረው ቦይ ቀጥ ብሎ ወደ ሰፈሩ ምንጭ ይወርዳል። ካለፈው ክረምት ወዲህ የምንጩ ውሃ ደፍርሶ የልጅ ልጆቹ ሆዳቸውን ሲታመሙ፣ ግንበኛው ምንጩን የሚጠብቁትን ሰዎች ሲወቅስ ነበር የከረመው። አሁን የሚወቅሰው ሰው አጣ።

ወደ ግንቡ ተጠግቶ በመዳፉ ዳሰሰው። «ወደ ዳገቱ አጋድሎ ነው የሠራው። ለውሃውም መውጫ ትቶለታል። የሠራው ሰው እውነተኛ ግንበኛ ነበር፤ እጁ ይባረክ» አለ። ወደ እሷ ዞሮም፣ «የወሰድኩትን ብመልሰውስ?»

«ድንጋዩ ይመለሳል፤ ቦታው ግን አይመለስም። የትኛው የት እንደነበር አሁን ማን ያውቃል? ክፍተቱን በካባ ድንጋይ ይድፈኑት፤ ከእኛ በኋላ የሚመጡትም አዲሱን ከአሮጌው ይለዩ።»

«ልጄስ?»

«እስከ ክረምቱ መውጫ እዚሁ ነኝ። ከነልጆቿ እኔ የተከራየሁት ቤት ትግባ። ይጠብበናል፤ ግን ያሳድረናል።»

ግንበኛው ባዶውን ጋሪ አዙሮ ዳገቱን ወረደ።

በማግሥቱ ጎረቤቶቹን ሰብስቦ፣ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው፤ ድንጋዩን እየለቀምን ምንጫችንን እየበላን ነው» አላቸው። ያኮረፈም የሳቀም ነበር፤ የበዙት ግን ዝናቡ ሳይቀድማቸው ክፍተቱን አብረውት ደፈኑ። ልጁ ከነልጆቿ በአጥኚዋ ኪራይ ቤት ከረመች፤ የራሷም ቤት ከክረምት በኋላ ዘግይቶ አለቀ። ምንጩም ወዲያው አልጠራም፤ በሚቀጥለው ዓመት ነው የጠራው። የዛፍ መውደቅ ቆመ፤ የደን ሠራተኞችም በተራቆተው በኩል ምን ዓይነት ዛፍ እንደሚስማማ ከዚያው አፈር ተረዱ። የሕዝብን ደን መጠበቅና ማጥናት ጥቅሙ ይህ ነው፤ የቀደሙት በመከራ የተማሩትን እኛ ያለ መከራ እንማረዋለን።

አንድ ቀን ድንጋይ በሚያወጣበት ካባ ውስጥ አንድ ባልደረባው፣ «ለማታውቃቸው ሰዎች ግንብ ይህን ያህል መልፋትህ ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀው።

ግንበኛው መዶሻውን አሳረፈ። «የሠሩት ሰዎች በደኑ ጥላ ሥር አልተቀመጡም» አለ። «የተቀመጥነው እኛ ነን።»