የአባ ዋሪዮ ኮርማና የሦስተኛው ቀን ውሃ

ቦረና ውስጥ፣ ዱብሉቅ ሳስተምር ሸብቻለሁ፤ እንደ አባ ዋሪዮ ጎዳና ያለ ተጠራጣሪ ግን አልገጠመኝም። ሰላም ሲሏቸው እንኳ «ምን ፈልገህ ነው?» ይላሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ በጋ ከብት ሊያጠጡ መጥተው የውሃ ጉድጓዱ አፍ ላይ አገኘኋቸው። ኮርማቸውን አንድ ነጋዴ ባመጣት ዲቃላ የወተት ላም ሊለውጡ ነው። የሟች ወንድማቸው ልጅ ድራሙ፣ የከብት እርባታ ተምራ የተመለሰችው፣ ትለምናቸዋለች።

«አጎቴ፣ በሞቴ ኮርማውን አይስጡ!»

«የተማረ ሁሉ የአባትህን ከብት ጣል ሲለኝ ኖሯል። አንቺ ደግሞ ያዝ ትያለሽ። ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ይሄ ዘር ከባሕር ማዶ የመጣው ባለሻኛ ከጥንቱ ያገራችን ከብት ጋር ተዋልዶ የተገኘ ነው። ድርቁን የቻለውን እየመረጡ እዚህ ያደረሱት አባቶቻችን ናቸው። በቅድመ አያቶቻችን ዘመን በሽታ ከብቱን የፈጀ ጊዜ ቦረና መልሶ የቆመው በተረፉት ጥቂቶች አይደለም እንዴ? ኬንያ ያሉት ሰፋፊ የከብት እርባታዎች የሚኮሩትም በኛው ዘር ነው።»

«እነሱማ ወስደው ከበሩበት! አንቺስ ምን ታገኚበታለሽ?»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ላሞቹ አዞረች። እውነቱን ለመናገር እኔም ጠረጠርኳት።

ይሄኔ የነጋዴው ላም ከጥላው ሥር ምላሷን አውጥታ ጮኸች።

«ይቺ መቼ ጠጣች?» አለች ድራሙ።

«ጠዋት» አለ ነጋዴው።

«የእርስዎስ ላሞች?»

«ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።»

ግማሽ ቀን ተጉዘው የመጡት ላሞች ተራቸውን ጠብቀው ጸጥ ብለው ቆመዋል። ሽማግሌው አንዴ የነጋዴውን ላም፣ አንዴ የራሳቸውን ላሞች አዩ።

«ወተቷ እኮ ብዙ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሏል።

«የጉድጓዱ ተራ በሦስት ቀን ነው። ለአንዲት ላም ብሎ በየቀኑ ተራ የሚለቅልዎት ጎሳ የቱ ነው? የእሷ ልጆችስ በየቀኑ ውሃ አይሹም?»

«ይሁን፣ እውነትሽን ነው። ግን የደበቅሽኝ ነገር አለ።»

ድራሙ እንባዋ መጣ። «አለ። የእናቴ አራት ላሞች ያለ ኮርማ ቀርተዋል። ዘንድሮ በኮርማ ተጠቅተው ካላረገዙ ቤታችን ከብት አልባ መሆኑ ነው። ለራሷ ነው የመጣችው እንዳይሉኝ ፈራሁ።»

«አዪ ሞኝ! ይሄንን ከመጀመሪያው አትነግሪኝም? እኔን የሚያስፈራኝ ምንም አልፈልግም የሚል ሰው ነው።» ወደ ነጋዴው ዞሩና «ላምህን ይዘህ በሰላም ሂድ» አሉት። ኮርማው በዚያው ቀን ወደ መበለቲቱ በረት ተነዳ።

አዲስ ነገር ሁሉ ክፉ ነው አልልም፤ ውሃ ሞልቶ በተረፈበት አገር ያቺ ላም እሰየው ናት። የወጣት ትምህርት ዋናው ጥቅም ግን የትኛው ለየትኛው አገር እንደሚሆን ማሳወቁ ነው። ዛሬ አባ ዋሪዮ ራሳቸው በየሸንጎው «ወይፈኑን ሁሉ ለገበያ አትንዱ፤ የደህና እናት ልጅ ለዘር ይቅር» እያሉ ይመክራሉ። የሰማቸው መንደር በድርቅ ብዙ አልተራቆተም።

ከዚያ ቀን በኋላ በዓመቱ ዝናብ፣ ላሞቿ ሲወልዱ፣ የድራሙ እናት የመጀመሪያውን ወተት በጮጮ አድርጋ በእኔ እጅ ላከችላቸው። አባ ዋሪዮ «ምን ፈልጋ ነው?» ሳይሉ ጠጥተው ጨረሱና፣ ሰው እያያቸው፣ አለቀሱ።