ባሕርም ይጠግባል

ጋሽ ጥበቡ ወጣትነታቸውን በንግድ መርከብ ሞተር ክፍል ያሳለፉ፣ ጡረታ ወጥተውም ከባሕር መለየት ያልሆነላቸው ሰው ነበሩ። አንድ የሐምሌ ቅዳሜ በስቶክሆልም ዳርቻ በምትገኘው አልቢ የሚኖሩ ማኅበርተኞቻቸውን በተከራዩት ጀልባ ይዘው ከስቶክሆልም ወጣ ካለች ደሴት ደረሱ። ሰዉ ወርዶ ምሳ ሲያሰናዳ እሳቸው ወደ ኋላ ቀሩ፤ የጀልባዋ መጸዳጃ ቤት ታንከር ሞልቶ ነበርና ወደ ባሕር የሚለቀውን ቫልቭ ሊከፍቱ አጎነበሱ።

ልትዋኝ የመጣችው አክበረት በዚያው ስታልፍ አየቻቸው። የቀድሞ ጎረቤታቸው ልጅ ስትሆን፣ በስቶክሆልም ወደብ ትልልቅ መርከቦች ፍሳሻቸውን የሚያስረክቡበትን ክፍል የምትመራ መሐንዲስ ናት። በአክብሮት ሰላም ብላ ምን እንደያዙ ጠየቀቻቸው። ነገሯት። ፍሳሽ የሚመጥ ፓምፕ እዚሁ አጠገብ መኖሩን ብትጠቁማቸው፣ ወረፋው ረጅም እንደሆነ፣ ሕጉም እንደማይከለክል፣ እሳቸውም በዘመናቸው ሁሉን ለባሕር ሲሰጡ እንደኖሩ አስረዷት።

«ባሕር ሰፊ ነው ልጄ፤ ያልዋጠው ነገር የለም» አሉ።

«ሕጉስ ከከለከለ ዓመታት አልፈዋል ጋሼ፤ ይህኛው ባሕር ደግሞ ወደ ውቅያኖስ የሚወጣበት አፉ ጠባብ ነው፤ የገባበት ቶሎ አይወጣም። ፍሳሻችን ለአልጌው ማዳበሪያ ይሆነዋል። አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርስና ዓሣው ታፍኖ ያልቃል። ከፍሳሹ የሚመጣው በሽታ ደግሞ ለሚዋኘው ሰው ይተርፋል።»

ጋሽ ጥበቡ ግን የአንዲት ጀልባ ጉድፍ ምን ሊያደርስ ብለው ተሟገቱ። ዕድሜ የጠገበ ልማድ በአንድ ቃል አይነቀልምና አክበረት አልተቆጣችም።

«ነፋሱን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል» አለቻቸው። «ወዴት ነው የሚነፍሰው?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ነፋሱ ወደ ዳርቻው ነበር፤ በዳርቻው የማኅበሩ ልጆች ውሃ ውስጥ ገብተው ይንቦጫረቃሉ። ቫልቩን እንደተዘጋ ትተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይህን ሳላስተውል መርከበኛ ነኝ ማለቴ» አሉ ቀስ ብለው።

«መርከበኛ ስለሆኑ እኮ ነው በአንድ እይታ የገባዎት።»

አክበረትን አሳፍረው፣ ጀልባዋን አዙረው ከወረፋው ኋላ ቆሙ። ተራቸው ሲደርስ አክበረት ልታግዛቸው ብትጠጋም አልፈቀዱም፤ የፓምፑን ጎማ ራሳቸው ገጥመው፣ ታንከሩ ባዶ እስኪሆን ድረስ እንደ ጥንቱ የሞተር ክፍል ሹም ቀጥ ብለው ቆሙ።

ምሳው ቀዝቅዞ ደረሱ። ጋሽ ጥበቡ አክበረትን ከሽማግሌዎቹ መካከል አስቀምጠው፣ የዘገዩበትን ምክንያት ሳይደብቁ ተናገሩ። ፍሳሹ ወደ ባሕር ሳይለቀቅ ሲቀር ዓሣው እንደሚረባ፣ ልጆቹ ያለ ሥጋት እንደሚዋኙ፣ ያጠመደውም ሰው ያለ ጥርጥር እንደሚበላ አስረዱ።

«ባሕር ማቋረጡንስ ብዙዎቻችን አቋርጠናል» አሉ በመጨረሻ። «ንጹሑን ለልጅ ማስረከብ ነው ሙያ። ይህችም የእኛው ልጅ ናት፤ የዚህን አገር ትልልቅ መርከቦች ሥርዓት የምታስይዝ።»

አክበረት አንገቷን ደፋች። ሽማግሌዎቹ ግን ደረታቸውን ነፍተው ነበር።