ብርቅዬን የቀበረችው ልጅ

ባሕር ማዶ፣ በቶርንክሊፍ ፓርክ ፎቆች ሁሉ እንደ ሶልያና ብዙ አንባቢ ያለው ጸሐፊ የለም። ይህን ያለችው ራሷ ሶልያና ስለሆነች ሌላ ምስክር አልተጠራም። ቅዳሜ ጠዋት የመጀመሪያ ልብ ወለዷን፣ ስሟን ሳትጽፍ፣ እናቷ ሥራ ስትሄድ ቤት በተወችው ስልክ በእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። ከሰዓት በኋላ ከፍታ ስታይ የሚያለቅሱ ፊቶችና የተጋጠሙ እጆች ተደርድረው አያልቁም። መልእክቶቹን ለማንበብ አልታገሠችም። ለክፍል ጓደኛዋ ለማያ ደውላ፣ ሕዝብ ማስለቀሷን፣ ከእንግዲህም ባስ ላይ ሰው ስለሚያውቃት ኮፍያ ሳታደርግ እንደማትወጣ ነገረቻት።

ኩራት ሩቅ አይሄድም፤ የእሷም ሊፍት ድረስ ብቻ ሄደ። ልብስ አጥባ ከምድር ቤት ስትወጣ እማማ ሰገነትን ሊፍቱ ውስጥ አገኘቻቸው። እማማ ሰገነት በማዶው ፎቅ የሚኖሩ፣ ልቅሶ ቤት ቀርተው የማያውቁ ሴት ናቸው። ጥቁር ለብሰዋል፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ድስት ታቅፈዋል።

«ወደ እናንተው ነው የምመጣው ልጄ» አሏት። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ብርቅዬ ለእናትሽ ምኗ ነበረች?»

ሶልያና መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ቀጥሎ ስልኩን አውጥታ መልእክቶቹን አነበበች። «ነፍስ ይማር።» «ቀብሩ የት ነበር? ሳንሰማ።» «ሠልስቱ መቼ ነው?» ልብ ወለዱ «ብርቅዬን ማክሰኞ ቀበርናት» ብሎ ይጀምራል። የእድር ሰው ደግሞ የሞት ወሬ ሲደርሰው ለማጽናናት ይሽቀዳደማል እንጂ እስከ መጨረሻው አያነብም። ከመጀመሪያዋ መስመር ያለፈ አንድ ሰው አልነበረም።

እናቷ ኢቶቢኮ በሚባለው ሰፈር መጋዘን ሥራ ላይ ስለነበረች እንግዳዋን ማስገባት የሶልያና ዕጣ ሆነ። ድስቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እውነቱን ተናገረች። ሴትዮዋ ሰምተው ሲጨርሱ የድስቱን ክዳን አነሡ። ንፍሮ ነበር።

«በሞት አይቀለድም» አሉ። «ያልሞተ ሰው ቀበርን ማለት ሟርት ነው።»

«እማማ፣ ብርቅዬ እኮ አልተወለደችም። ባልተወለደ ሰው ላይ እንዴት ይሟረታል?»

«እንግዲያው ውሸት ነዋ።»

«ተረትስ? ጦጣ ስታወራ ሰምተው ነው ለልጆችዎ የነገሯቸው?»

«ጦጣን የሚቀብር እድር የለም» አሉ እማማ ሰገነት፣ ንፍሮ እየዘገኑ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሆይ፣ ክርክሩን ማን እንዳሸነፈ አትጠይቅ። ሶልያና ስልኩን አነሣች። ታሪኩን አጠፋዋለሁ፣ ሁለተኛም አልጽፍም አለች። ቀልድ እንዳልሆነ ከድምፅዋ ያስታውቅ ነበር።

እማማ ሰገነት ለሰስ አሉ። ለእናቷ እንኳ ሳታሳይ ለዚያ ሁሉ ሰው መበተኗ ገርሟቸው፣ ለምን እንዲህ እንዳደረገች ጠየቋት።

«ለአንድ ሰው ብሰጠው ፊቱን አያለሁ» አለች ልጅቷ። «አለመውደዱን ያን ጊዜ አውቃለሁ። ለብዙ ሰው ስሰጥ ግን የማንንም ፊት አላይም።»

«የእኔ ዓይን ደከም ብሏል፤ ማንበቡ ያንቺ ነው፣ ስታነቢ ደግሞ ፊቴን አታዪም። ስለዚህ አትፈሪኝ፣ አንብቢልኝ።»

አነበበች። መጀመሪያ እንደሚያባርሯት ሰው ነበር፤ «ቀስ በይ፣ ባስ አያመልጥሽም» ሲሏት ረጋ አለች። ብርቅዬ ከሥራ ስትመለስ፣ ባሏ ማታ ሥራ ስለሚገባ ቤቷ ባዶ መሆኑ እያስጠላት፣ ፌርማታዋን እያየች አልፋ እስከ ባሱ መጨረሻ ፌርማታ ድረስ የምትሄድበት ቦታ ላይ ሲደርሱ፣ የእማማ ሰገነት እጅ ንፍሮው ላይ ቀረ።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገመችው።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። አንዲት ሴትዮ ባስ ላይ ሁልጊዜ ሳትወርድ ስትቀር አይቼ፣ ለምን ይሆን ብዬ አሰብኩ።»

«ባሌ የሞተ ጊዜ እኔም እንዲህ አደርግ ነበር» አሉ እማማ ሰገነት። «ለልጆቼም አልተናገርኩ። እኔ ብቻ ያበድኩ መስሎኝ ነበር።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው ቀጠሉ፦ «ውሸት ያልኩትን ትቼዋለሁ። የብርቅዬ ባል ግን አልጣመኝም። በአገር ላይ እንደሱ የሚያወራ ሰው የለም፤ እንደ ዜና አንባቢ ነው።»

ሶልያና ልትከራከር አፏን ከፍታ፣ እውነት መሆኑ ስለታወቃት ዘጋችው። ስለ ጽሑፏ ከሰማችው ሁሉ ደስ ያላት ይህ ነቀፋ ነበር። የነቀፈ ሰው አዳምጧል ማለት ነዋ።

የዚያኑ ቀን በግሩፑ ላይ፣ አሁን ስሟን ጽፋ፣ ብርቅዬ የልብ ወለድ ሰው መሆኗንና ማንም አለመሞቱን አስታውቃ ይቅርታ ጠየቀች። ለዚያም «ነፍስ ይማር» ያሉ አልታጡም። ባልየውን አስተካክላ ታሪኩን በየክፍሉ በድምፅዋ ቀዳችው፤ እማማ ሰገነትም ኢቶቢኮ ላለችው ጓደኛቸው ለዘርፌ ላኩላት። ዘርፌ ለሥራ ባልደረቦቿ አስተላለፈችው።

የዚህ ነገር ጥቅሙ ብዙ ነው። ልጅቷ ለሕዝብ መጮኽ ትታ ለአንድ ሰው መንገር ተማረች፤ ያ አንድ ሰው ሌላውን ጠራላት። ከሥራ ሲመለሱ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ሰክተው የሚያዳምጧት ሴቶች ጥቂት ናቸው፤ ግን እስከ መጨረሻው ነው የሚሰሙት። ዘርፌና እማማ ሰገነትም ድሮ በበዓል ብቻ ይደዋወሉ የነበሩት፣ አሁን አዲስ ክፍል በወጣ ቁጥር ይሟገታሉ።

ታዲያ ጠባይ ቶሎ አይለቅም። አንድ ቀን ሶልያና የእማማ ሰገነትን ዕቃ ከባስ እያወረደች፣ ኮፍያዋን አስተካክላ፣ እንደ ዋዛ ጠየቀች።

«እና እማማ፣ እነ እትዬ ዘርፌ ስለ እኔ ምን ይላሉ?»

«ስለ አንቺ ማን አንሥቶ ያውቃል?» አሉ እማማ ሰገነት። «ብርቅዬን የመሰለች ሴት ጽፎ የገደላትን እጁን ይቁረጠው ነው የሚሉት። ሽንኩርቱን ቀና አርገሽ ያዥው።»