የብልጭታው ሣጥንና የጎረቤላ ቁልቁለት

በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ታኅሣሥ ውስጥ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ ጆሮ በሚቆርጥበት ጠዋት፣ ወደ ጎረቤላ ክሊኒክ የሚወስደኝ መኪና ፍለጋ ወጣሁ። ሥራዬ ቁስለኛ ማከም ነው። ከገበያው ዳር አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል፤ ከፊቱ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌና እጁ በግራሶ የጠቆረ ወጣት ይከራከራሉ። ሽማግሌው የመኪናው ባለቤትና ሾፌር አቶ ወልደተንሣኤ ናቸው። ወጣቱ ደግሞ የእኅታቸው ልጅ ደምመላሽ ነው፤ አዲስ አበባ የቴክኒክ ትምህርት ጨርሶ በቅርቡ የተመለሰ። እኔ ክርክር ሲያጋጥመኝ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ተጠጋሁ።

«እሰይ፣ ደኅና ሰው መጣልን፤ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ አቶ ወልደተንሣኤ። «ይህ ልጅ መኪናዬ ውስጥ መብረቅ ሊያስገባ ነው።»

«መብረቅ አይደለም፣ ጋሼ» አለ ደምመላሽ። በእጁ የብስኩት ቆርቆሮ ይዟል፤ ከቆርቆሮው ሽቦዎች ወጥተዋል። «ከተበላሸ ራዲዮ በፈታሁት ዕቃ የሠራሁት ነው።»

«ምን ያደርጋል?» አልሁት።

«ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው የካንዴላው ብልጭታ ነው፣ ጌታዬ። ብልጭታው ሲደክም ቤንዚኑ በደንብ ሳይነድ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ይህ ሣጥን የባትሪውን ኃይል እንደ ወፍጮ ውሃ አጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ብልጭታው ከበረታ ትንሽ ቤንዚን ብዙ መንገድ ያስኬዳል ብዬ ነው።»

«ብዬ ነው!» አሉ ሽማግሌው። «እርግጠኛ እንኳ አይደለም እኮ።»

«አይደለሁም። ሳልሞክረው እንዴት እርግጠኛ እሆናለሁ?»

ይህን መልሱን ወደድሁለት። ብዙ የተማሩ ሰዎች እንዲህ ማለት ያፍራሉ።

«ታዲያ አንተ ምን አስጨነቀህ? ቤንዚን መቆጠብ እንደሆነ እኔ አውቅበታለሁ» አሉ አጎቱ።

«ያስጨነቀኝ የእርስዎ አቆጣጠብ ነው፣ ጋሼ። ጎረቤላ ቁልቁለት ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ያጠፉና ማርሹን አውጥተው ይለቁታል። ያ ሁሉ ሰው ተጭኖ መኪናው በፍሬን ብቻ ይወርዳል። ፍሬኑ የጋለ ዕለትስ ምን ሊይዘው ነው?»

«የዚህ መንገድ ሾፌር ሁሉ የሚወርደው እንደዚያ ነው!» አሉ አቶ ወልደተንሣኤ ቱግ ብለው። «ቤንዚን ቢያልቅብኝስ? ሰዉን ጫካ ላሳድረው?»

እዚህ ላይ መታገሥ አቃተኝ። «አቶ ወልደተንሣኤ፣ ባለፈው ክረምት ከዚያ ቁልቁለት የተገለበጡትን ሰዎች ቁስል የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሾፌሩም የነገረኝ ይህንኑ ነበር፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ይወርዳል አለኝ። ሁለቱን ልናድናቸው አልቻልንም» አልኋቸው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሩ። «እሺ፣ ግጠመው። ቁልቁለቱ አናት ላይ የወትሮው ልክ ምልክት ባለበት እንጨቴ ታንኩን እለካለሁ። ከወትሮው የተረፈ ቤንዚን ካለ ሞተር አጥፍቼ መውረዴን ትቻለሁ። ከሌለ ግን ቆርቆሮህን ይዘህ ከመኪናዬ ትርቃለህ፤ የቁልቁለቱንም ነገር ሁለተኛ አታነሣብኝም።»

ደምመላሽ እሺ አለ። ተሳፋሪው ከኋላ ከእህሉ ጋር ተጫነ፤ እኔ ከፊት በሁለቱ መካከል ተቀመጥሁ።

ከከተማው እንደ ወጣን፣ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ሞተሩ ያስል ጀመር። ተንገጫገጨና ቀጥ አለ።

«መብረቅህ ደከመው?» አሉ አቶ ወልደተንሣኤ። ደስታቸውን ለመሸሸግ እንኳ አልሞከሩም።

የደምመላሽ ፊት አመድ መሰለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ተስፋ ቆርጬ ነበር። እርሱ ግን ወርዶ ሞተሩን ትኩር ብሎ ሲያይ ቆየና «ጋሼ፣ ጋቢዎን ያውሱኝ» አለ። ጋቢውን ከሞተሩ በላይ እንደ ድንኳን ዘረጋው። «ከሥሩ ይግቡ። እጅዎን ብቻ ወደ ሽቦ እንዳያስጠጉ፤ ይህ ኃይል ሰው ይጎዳል።»

እኔ ቁልፉን እንዳዞር ታዘዝሁ። ባዞርሁ ጊዜ ከጋቢው ሥር «በስመ አብ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ወዲያው ደግሞ «እስቲ እንደገና!» አሉ። ሦስተኛም «እንደገና!» ሲሉ አላስችል አለኝና ወርጄ ደምመላሽ ቁልፉን እንዲይዝልኝ ለመንሁ። ከጨለማው ውስጥ ሆኜ ያየሁትን አልረሳውም፤ ሰማያዊ ብልጭታ በሽቦዎቹ ስንጥቅ እየሾለከ ወደ ሞተሩ ብረት ይዘላል። ሽማግሌው በጣታቸው ከሩቅ ያሳዩኛል፦ «እዚያ ጋ! ደግሞ እዚያ!»

«ኃይሉ ካንዴላው ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ እየባከነ ነው» አለ ደምመላሽ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ብልጭታውን ሳበረታ ሽቦዎቹን አልመረመርሁም። ተሰነጣጥቀዋል፣ ርሰዋልም። ግን ኮፈን በተዘጋበት ውሃ ከየት መጣ?»

አቶ ወልደተንሣኤ አንገታቸውን ደፉ። «ትናንት ሚካኤል አልነበር? በየወሩ መምሬ ገብረ ጻድቅ ጠበል ይረጩልኛል። የመኪና ነፍሱ ሞተሩ ነው ብዬ ኮፈኑን ከፍቼ እዚያው ላይ ነው የማስረጨው።»

«በየወሩ በማግሥቱ አልነሣ የሚልዎ ለዚህ ነዋ!»

«እኔማ ሰይጣን ተቆጥቶ መስሎኝ በሚቀጥለው ወር አብዝተው እንዲረጩልኝ እለምናቸው ነበር።»

ሣቄን እንደ ምንም ዋጥሁት። ሽማግሌው ግን ቀና ብለው ልጁ ላይ አፈጠጡ። «አሁን ደግሞ ጠበሉ ይቅር ልትለኝ ነው?»

«አልልም፣ ጋሼ። አያቴ ቄስ አልነበሩም እንዴ? ኮፈኑ ይዘጋና መምሬ ከላይ ይርጩት፤ እርስዎንም ይርጩ። የእግዚአብሔር በረከት በቆርቆሮ አይጋረድም።»

«ይህስ ነውር የለውም» አሉና ሽቦዎቹን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። ደምመላሽ ስንጥቆቹን በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቁራጭ ጠቀለላቸው። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ ድምፁም ጠራ። አቶ ወልደተንሣኤ ጆሯቸውን አዘንብለው እየሰሙ ነዱ።

ቁልቁለቱ አናት ላይ ቆምን። እንጨታቸውን ታንኩ ውስጥ ከትተው አወጡና አዩት፤ እንደገና ከተቱት። «የእርስዎ ዐይን ይሻላል» ብለው ሰጡኝ። የቤንዚኑ ርጥበት ከወትሮው ምልክት በግልጽ ከፍ ብሏል።

«ተርፏል» አልሁ።

«የሣጥኑ ብቻ አይመስለኝም» አለ ደምመላሽ። «ከፊሉ የሽቦዎቹ መድረቅ ይሆናል። ሣጥኑን አውጥተን ደግመን ካልሞከርነው አናውቀውም።»

«አሁንስ አሸንፈሃል፣ ዝም በል!» አሉት አጎቱ።

በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ቀስ ብለን ወረድን። ሞተሩ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል፤ ፍሬኑ በየመታጠፊያው ብቻ ይነካል። ታች ስንደርስ አቶ ወልደተንሣኤ መኪናውን አቆሙና መሪውን እንደ ያዙ ቀሩ።

«በዚህ ቁልቁለት በወረድሁ ቁጥር እፈራ ነበር» አሉ። «ለሚስቴ ለይመኙሻል እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ሾፌር ፈራ አይባልም ብዬ ነው።»

ደምመላሽ እጃቸውን ያዘ። እኔም ዐይኔን ወደ መስኮቱ መለስሁ።

በኋላ ደምመላሽ እንዳሰበው ሣጥኑን እያወጣና እየመለሰ ሞከረ። ሽቦዎቹ ደኅና ሲሆኑ ሣጥኑ የሚያተርፈው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ጥቂቷ እውነተኛ ናት፤ በብርዱም ጠዋት ሞተሩ ሳያስቸግር ይነሣል። አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙን ልብ በል፦ ቤንዚን አይባክንም፣ ሞተር ዕድሜ ያገኛል፣ ሾፌሩም እቆጥባለሁ ብሎ የሰው ሕይወት አያስይዝም። የወጣቱ ዕውቀት ሽቦውን ሳያይ ቢቀር ከንቱ ነበር፤ ሽማግሌውም ከጋቢው ሥር ራሳቸውን ባያስገቡ ኖሮ እስከ ዛሬ ሰይጣንን በከሰሱ ነበር።

በሌላ ገበያ ቀን ጎረቤላ ላይ አቶ ወልደተንሣኤን አንድ ባለ መኪና አቁመው ሲያነጋግሩ አገኘኋቸው። ሰውየው ሞተር አጥፍቶ ወርዶ ነው የመጣው፤ ቤንዚን ተወደደ፣ ምን ላድርግ ይላል።

«ቤንዚን ከቸገረህ ኮፈንህን ክፈትና መርምር» አሉት። «ቁልቁለቱን ግን አትመርምረው፤ እርሱን እኔ መርምሬዋለሁ።»