በእኔ ቃል የተበላሹ ሁለት ፋይሎች

እስቲ ጸጥ በሉ፤ ብርጭቆውንም አስቀምጡት፣ ገና ነው።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የምናገረውን ግን የቢሯችን ልጅ ታዲዮስ ትናንት በኮምፒውተሩ ጽፎልኛል። ዛሬ በጡረታ የምንሸኛት አመተሥላሴ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር አታምንምና ወረቀቱ ለእሷ ይሰጣታል። እኔ ከጭንቅላቴ እናገራለሁ፣ ታዲዮስ ከወረቀቱ ይከታተላል። ካልገጠመ የተሳሳተው ወረቀቱ ነው።

እዚህ ሞላሌ፣ በሰለሞን የማመልከቻና የትርጉም ቤት በር ላይ ዘበኛ ሆኜ ሃያ ዓመት ቆሜያለሁ። አመተሥላሴ የመጣችው በሁለተኛው ዓመቴ ነው። በመጀመሪያው ቀን ባለጉዳይ መስላኝ፣ "ተራሽን ያዢ" አልኳት። ሄዳ ተራ ከሚጠብቁት በግ ነጋዴዎች ኋላ ተሰለፈች። ሰለሞን ውስጥ ሆኖ አዲሷ ሠራተኛ ቀረች እያለ ይበሳጫል፣ እሷ ውጭ ሰልፍ ላይ ናት። ምሳ ሰዓት ላይ ተራዋ ደረሰና ገብታ ወንበሬ የቱ ነው ብላ ጠየቀችው። ማታ ስትወጣ ደግሞ፣ "ጋሽ ውባየሁ፣ ሰልፍ አያያዝዎ ጥሩ ነው" አለችኝ። ስድብ ይሁን ምስጋና እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ጠባይዋን ታውቃላችሁ። ቆሎ በልቶ እጁን ያልታጠበን ሰው ወረቀት አታስነካም። ባለጉዳይ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ካመጣ፣ ወንበሯ ላይ አንጥፋ ትቀመጥበታለች። የስንቱ ሰው የቤት ካርታ እንዲያ ተተኩሶ አገር አቋርጧል መሰላችሁ። ደግሞ ኮፒ አትወድም። የልጅ ልጄ ስትወለድ ከደብረ ብርሃን ፎቶ ላኩልኝና ደስ ብሎኝ አሳየኋት። መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችው። "ይሄ ኮፒ ነው፣ ዋናውን ያምጡ" አለችኝ።

አሁን ግን ሳቁን ተዉት። ሦስት ዓመት ሆዴ ውስጥ የያዝኩት ነገር አለ፤ ሰለሞን እየሰማ፣ እሷም ሳትሄድ እናገረዋለሁ።

ያን ጊዜ ባሕር ማዶ ላለች አንዲት አገር የመኖሪያ ፈቃድ የፈለጉ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዷ ጎረቤቴ ሲሀም ናት፤ እናቷ መዲና ይቺው እዚህ ተቀምጣለች። ሌላው ከቀየት ገጠር የሆነው ወዳጄ ተክለጻድቅ ነው፤ ደብረ ብርሃን ባሠራቸው ቤቶች ኪራይ ይኖራል። አመተሥላሴ ሁለት ፋይል ከፈተችና ልዩነቱን ነገረችኝ። ሲሀም ሩቅ አገር ላለ ድርጅት ከቤቷ ስለምትሠራ የቅጥር ውሏን፣ አሠሪዎቿ የትም ሆና ትሥራ ያሉበትን ደብዳቤ፣ ደመወዝ በየወሩ እንደሚገባላት የሚያሳይ የባንክ ወረቀት ታቀርባለች። ተክለጻድቅ ደግሞ የቤቶቹን ካርታና የኪራይ ውሉን ያቀርባል፤ እዚያ አገር ሥራ እንደማይዝም ይፈርማል። ከወንጀል ነፃ የሚለው ወረቀትና የጤና መድኑ ለሁለቱም አንድ ነው። "እሷ ሥራ እንዳላት፣ እሳቸው ሳይሠሩ ገቢ እንዳላቸው ነው የምናስረዳው" አለችኝ። ገባኝ አልኩ። አልገባኝም ነበር።

ከዚያ ቀበሌው ስለ ሁለቱ አኗኗር ደብዳቤ ለመጻፍ ምስክር ፈለገ። በዚህ ከተማ ምስክር ሲባል ማን ይጠራል? እኔ። ስለ ተክለጻድቅ ጠየቁኝ፤ እንዲህ ያለ ሠራተኛ በመንዝ የለም፣ ዛሬም እርፍ ይጨብጣል አልኩ። ወዳጄን ሥራ ፈት ላስብለው ነው? ስለ ሲሀም ጠየቁኝ፤ ጨዋ ልጅ ናት፣ ሥራ ግን የላትም፣ ቀኑን ሙሉ ቤቷ ተቀምጣ ነው የማያት አልኩ። ሁለቱም ላይ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ። ሠራተኛዋ ሥራ አጥ፣ በኪራይ የሚኖረው አራሽ ሆነው ተጻፉ።

ደብዳቤዎቹ ሲመጡ ለሲሀም ቀጠሮ አምስት ቀን ቀርቷል። ካለፋት የሚቀጥለው በዓመቱ ነው፣ አሠሪዎቿም እስከዚያ አይጠብቋትም። ሰለሞን ጮኸ። ምስክሮቹን ማን አነጋገራቸው፣ ማን አስረዳቸው አለ። ደብዳቤው የምስክር ስም አልያዘም፤ አመተሥላሴ ግን ከደመወዝ መዝገብ የምታውቀውን የእኔን አሻራ አይታለች። በሩ ላይ መቆሜንም አይታለች።

"እኔ ነኝ፤ ሳላጣራ ቀርቼ ነው" አለች።

ማታ ብቻ ወደ እኔ መጥታ፣ "ጋሽ ውባየሁ፣ ነገ ሲሀም ቤት ሄደው ቁጭ ብለው ይዩ" አለችኝ። ሄድኩ። ልጅቷ ጆሮዋ ላይ ነገር ሰክታ ከአራት ፈረንጆች ጋር ስትከራከር፣ ስትጽፍ፣ የጻፈችውን ስታፈርስ ዋለች። መዲና ያቀረበችላት ምሳ እንደቀረበ ቀዘቀዘ። እኔ ተቀምጬ ሳይ ደከመኝ። በማግስቱ ቀበሌ ሄጄ ስለ ሁለቱም የሰጠሁትን ቃል ቀየርኩ።

ተክለጻድቅ ግን እንቢ አለ። ማሳውን ለእኩል አራሽ ከሰጠ ሰነባብቷል፤ ቢሆንም አልሠራም ብዬ አልፈርምም፣ አገር ይስቅብኛል አለ። አመተሥላሴ ውኃ አቀረበችለትና፣ "አባቴ፣ ሥራ ፈት አላልንዎትም። ድሮ የሠሩት ነው ዛሬ የሚያበላዎት" አለችው። እንደዚያማ ከሆነ ብሎ ፈረመ። ሁለቱም ፈቃዳቸውን አገኙ። ሲሀም ለፋሲካ ስትደውልልኝ፣ "ሥራ አጧ ጎረቤትዎ ነኝ" ትለኛለች።

ሰለሞን፣ ያን ቀን የጮህክባት ጥፋት የእኔ ነው። የበሩ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ከፈለግህ ነገ ተቀበለኝ።

አመተሥላሴ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ሰለሞን ፋይሎችሽን እየከፈተ ሲያይብሽ አይቻለሁ። ለአንቺ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። በአንድ ቃል ላስጥልሽ እችል ነበር፤ ኩራቴ አፌን ያዘኝ። አንቺ ግን አንድ ጠዋት እንኳ እንዴት አደሩ ሳትይኝ አላለፍሽም። ሰው ማመስገን አልለመድኩም፤ አንቺን አመሰግንሻለሁ። ይቅርታ መጠየቅም አልለመድኩም፤ አንቺን እጠይቅሻለሁ።

አሁን ብርጭቆ አንሡ። ለመዲና ብርዝ አለ፣ ለሌላው ጠላ። አመተሥላሴ፣ ጉልበትሽ ይጽና፣ ዓይንሽ አይድከም። የጡረታ ደብተርሽ ላይ ስምሽን አሳስቶ የሚጽፍ አይግጠምሽ። ቤትሽ ጠያቂ አይጣ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ።

ይቅር ካልሽኝ ቀድመሽ ቅመሺ። ካልሆነም አልፈርድብሽም፤ ብርጭቆዬን ይዤ እስክትወስኚ እጠብቃለሁ።